የብረት እጥረትን በደም ምርመራ ማወቅ፦ ከማዘዣው እስከ ውጤቱ ንባብ

እህቴ ፀጉሯን ስታበጥር ማበጠሪያው ላይ የቀረውን ሰብስባ በሶፍት ጠቅልላ ታሳየኝ ነበር። የምትኖረው አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ሦስተኛው ላይ ስትደርስ የደረጃውን መደገፊያ ይዛ ትቆማለች። ዝናብ ሲጥል ደግሞ የረጠበ አፈር ሽታ ያስጎመጃታል። «ብበላው ደስ ይለኛል» ያለችው ለእኔ ብቻ ነው፣ ስለምታፍር። ሁለት ጊዜ ተመርምራ ሁለቱንም ጊዜ «ሄሞግሎቢንሽ 12.9 ነው፣ ደም ማነስ የለብሽም» ተብላ ተመለሰች። ሦስተኛው ላይ የብረት ክምችትን የሚያሳየው ፌሪቲን ታዘዘላትና 7 ሆኖ ወጣ፤ በጣም ዝቅተኛ ነው።

እኔ ላብራቶሪ ውስጥ ነው የምሠራው። የመጀመሪያውን የውጤት ወረቀት እኔም አይቼው «ደህና ነሽ» ብያታለሁ። ይህን መመሪያ የምጽፈው ያ ቃል ስለሚቆጨኝ ነው።

ብረት በሰውነታችን ውስጥ እንዴት እንደሚቀመጥ ለማየት የገበሬን ቤት ማሰብ ይበቃል። ፌሪቲን ጎተራው ነው፣ የተጠራቀመው እህል ያለበት። ትራንስፌሪን እህሉን ጭኖ ወደ ወፍጮ የሚወስደው አህያ ነው። ሄሞግሎቢን፣ በቀይ የደም ሴል ውስጥ ኦክሲጅን የሚያጓጉዘው፣ ደግሞ ሌማቱ ላይ ያለው እንጀራ ነው። እህል ሲጠፋ መጀመሪያ የሚጎድለው ጎተራው ነው፤ ሌማቱ ባዶ የሚሆነው በመጨረሻ ነው። ሄሞግሎቢንን ብቻ አይቶ «ብረትህ ደህና ነው» ማለት ሌማቱን ገልጦ ጎተራው ሙሉ ነው እንደማለት ነው።

1. ከመሄድዎ በፊት ታሪክዎን ይጻፉ

ሐኪሙ ፊት ሲቀመጡ ብዙ ነገር ይረሳል። ግማሽ ገጽ ወረቀት ይበቃል፤ የሚጻፈው ግን ዝርዝር ይሁን። «ይደክመኛል» ከማለት «ከጤና ጣቢያው እስከ ታክሲ ተራ ስሄድ ሁለቴ አርፋለሁ» ቢሉ ሐኪሙ በደንብ ይረዳዎታል።

ምልክቶቹን ይመዝግቡ፦ ድካም፣ ራስ ማዞር፣ ደረጃ ሲወጡ የልብ መምታት፣ የፀጉር መነቃቀል፣ የጥፍር መሰባበር ወይም እንደ ማንኪያ መጎድጎድ፣ የከንፈር ጥግ መሰንጠቅ፣ ማታ አልጋ ላይ እግርን ማሳረፍ አለመቻል። አፈር፣ ጠመኔ፣ በረዶ ወይም ጥሬ ሩዝ የሚያሰኝዎ ከሆነ ሳያፍሩ ይናገሩ። ይህ የብልግና ወይም የአእምሮ ችግር አይደለም፤ ከብረት እጥረት ጋር በቅርብ የተያያዘ የታወቀ ምልክት ነው። እጥረቱ ሲታከም አብዛኛውን ጊዜ ይጠፋል።

ከዚያ ደም የሚወጣበትን በር ይቁጠሩ። የወር አበባዎ ስንት ቀን ይቆያል? በቀን ስንት ሞዴስ ይቀይራሉ? የረጋ ደም ይወርዳል? ሌሊት ለመቀየር ይነሳሉ? በአንድ ሚሊ ሊትር ደም ውስጥ ግማሽ ሚሊ ግራም ያህል ብረት አለ፤ ሰውነት ግን ከምግብ በቀን የሚወስደው ከ1 እስከ 2 ሚሊ ግራም ብቻ ነው። ስለዚህ በየወሩ ብዙ የሚፈሳት ሴት ሥጋ ብትበላም ሒሳቡ ላይሞላላት ይችላል። ደም ለጋሽ ከሆኑም ይጻፉት፤ 450 ሚሊ ሊትር የሚይዘው አንድ ከረጢት ከ200 ሚሊ ግራም በላይ ብረት ይዞ ይሄዳል። ደም መለገስ ትልቅ ሥራ ነው፣ አይተውት፤ ግን ጎተራዎን እያዩ ይለግሱ።

የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ ይጨምሩ፦ አስፕሪን፣ ዳይክሎፌናክ፣ አይቡፕሮፌን፣ ኦሜፕራዞል። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ጨጓራን ሊያደሙ ይችላሉ፣ ኦሜፕራዞል ደግሞ ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ ብረት ወደ ሰውነት እንዳይገባ ሊያደርግ ይችላል። የጾም ልማድዎንና ቡናዎን መቼ እንደሚጠጡም ይጻፉ፤ ወደዚህ ኋላ እመለስበታለሁ።

2. የትኛው ምርመራ እንደሚታዘዝ ይጠይቁ

በጨዋነት «ሐኪም፣ ፌሪቲንም ቢታይልኝ?» ማለት ነውር የለውም። የሚያስፈልጉት እነዚህ ናቸው።

ሲቢሲ፦ ሄሞግሎቢንን፣ የቀይ የደም ሴሎችን ብዛትና መጠን የሚያሳየው ሙሉ የደም ቆጠራ ነው። በየትኛውም ቦታ ይሠራል ማለት ይቻላል፣ ዋጋውም ቀላል ነው።

ፌሪቲን፦ ዋናው ይህ ነው። ከሲቢሲ ይወደዳል፣ ሁሉም ጤና ጣቢያ ላይ አይገኝም። አንድ ምርመራ ብቻ የመጨመር አቅም ካለዎት ይህን ይጨምሩ።

ሲአርፒ፦ ሰውነት ውስጥ ብግነት ወይም ኢንፌክሽን መኖሩን ይናገራል። ፌሪቲን በብግነት ጊዜ ከፍ ስለሚል፣ ይህ ምርመራ ከሌለ የፌሪቲኑን ቁጥር ማመን ይከብዳል።

ሴረም አይረን (ደም ውስጥ የሚዘዋወረው ብረት) እና ቲአይቢሲ (ደሙ በጠቅላላው ሊሸከም የሚችለው ብረት)፦ ሁለቱ አንድ ላይ ሲሠሩ የትራንስፌሪን ሙሌት የሚባለውን መቶኛ ይሰጣሉ፤ አህያው ምን ያህል እንደተጫነ ማለት ነው። የፌሪቲኑ ውጤት አጠራጣሪ ሲሆን ይጠቅማሉ።

ብዙ ሰው የሚሳሳትበት እዚህ ላይ ነው። «አይረን ተመርምሬ ኖርማል ነው» ብሎ የሚመጣ ሰው ወረቀቱ ሲታይ ብዙ ጊዜ የተሠራለት ሴረም አይረን ብቻ ነው። ይህ ቁጥር ጠዋትና ማታ ይለያያል፣ ከምግብ በኋላ ይወጣል፣ ትናንት የዋጡት ክኒን ከፍ ያደርገዋል። ብቻውን ምንም አይነግርዎትም። ማዘዣው ላይ ፌሪቲን የሚለው ቃል መኖሩን ከክፍሉ ከመውጣትዎ በፊት ያረጋግጡ።

3. ቀኑን ይምረጡ፣ ይዘጋጁ

ለሲቢሲና ለፌሪቲን መጾም አያስፈልግም። ሴረም አይረን ከታዘዘ ግን ጠዋት፣ ቢያንስ ለ8 ሰዓት ያህል ምግብ ሳይቀምሱ ይሂዱ። ውሃ ይጠጡ፤ ውሃ ያልጠጣ ሰው ደም ሥሩ ይጠፋና ሁለት ሦስት ጊዜ ይወጋል።

የብረት ክኒን እየወሰዱ ከሆነ ለሴረም አይረን ሲባል ቢያንስ ለ24 ሰዓት ማቋረጥ ያስፈልጋል፤ ሐኪምዎን ይጠይቁ። ብረት በደም ሥር ከተሰጠዎት ደግሞ ቢያንስ 4 ሳምንት ሳያልፍ ፌሪቲን አያሠሩ፤ ቁጥሩ በውሸት ሰማይ ይነካል።

ባዮቲንን ብዙዎች አይጠረጥሩትም። ፀጉሯ የሚነቃቀል ሴት መጀመሪያ የምትገዛው «የፀጉርና የጥፍር ቫይታሚን» ነው፤ አብዛኛው ውስጡ ከፍተኛ መጠን ያለው ባዮቲን አለ። ባዮቲን አንዳንድ የምርመራ ማሽኖችን ያሳስታል፣ ፌሪቲንንም ከእውነተኛው በታች አድርጎ ሊያሳይ ይችላል። ከምርመራው ሁለት ቀን በፊት፣ መጠኑ ከፍተኛ ከሆነ ከዚያም ቀደም ብለው ያቁሙት። ለላብራቶሪ ባለሙያውም ይንገሩ።

ጉንፋን፣ ወባ፣ የጉሮሮ ሕመም ወይም ሌላ ኢንፌክሽን ላይ ከሆኑ፣ አስቸኳይ ካልሆነ በስተቀር ድነው ጥቂት ሳምንት ቢቆዩ ይሻላል። የወር አበባ ላይ መሆን ግን ምርመራውን አያስከለክልም።

4. ወንበሩ ላይ ሲቀመጡ

«ደሜ አንሷል ብዬ መጥቼ ጭራሽ ልትቀዱኝ ነው?» የሚሉኝ እናቶች አሉ። ለእነሱ ቲዩቡን አንስቼ አሳያቸዋለሁ። የሚወሰደው ሁለት ትንንሽ ቲዩብ ነው፣ ሁለቱም ተደምሮ ብዙውን ጊዜ ከ10 ሚሊ ሊትር አይበልጥም። አዋቂ ሰው ከ4 እስከ 5 ሊትር ደም አለው።

ቀይ ወይም ቢጫ ክዳን ያለው ቲዩብ ለፌሪቲን፣ ለአይረንና ለሲአርፒ ነው፤ ደሙ እዚያ ውስጥ ግማሽ ሰዓት ያህል ቆሞ እንዲረጋ ይደረግና ማሽን ላይ ይሽከረከራል፣ ከላይ የሚንሳፈፈው ቢጫ ፈሳሽ ይመረመራል። ሐምራዊ ክዳን ያለው ለሲቢሲ ነው፤ ውስጡ ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ ኬሚካል ስላለ ባለሙያው ቀስ እያለ 8 እስከ 10 ጊዜ ሲገለብጠው ያያሉ። ገልብጦ ካልቀላቀለው ደሙ ይረጋል፣ ቆጠራው ይበላሻል። በኃይል ከናጠው ደግሞ ሴሎቹ ይፈነዳሉ።

እርስዎ ማድረግ ያለብዎት ሦስት ነገር ነው። ስምዎ ቲዩቡ ላይ እዚያው ፊትዎ መጻፉን ይመልከቱ፤ የተቀያየረ ናሙና ከማንኛውም የማሽን ስህተት ይብሳል። ጡጫዎን ደጋግመው አይጨብጡ። መርፌው ሲወጣ ጥጡን ይጫኑት እንጂ ክንድዎን አያጥፉ፣ ማጠፍ ቆዳው ሥር ደም እንዲቋጥርና እንዲበልዝ ያደርጋል።

የጣት ጫፍ ተወግቶ በትንሽ መሣሪያ የሚለካ ሄሞግሎቢን በእርግዝና ክትትልና በዘመቻ ጊዜ ጥሩ ነው። ነገር ግን ጣትዎ በግድ ከተጨመቀ ከቲሹ የሚወጣ ውሃ ደሙን ያቀጥነዋል፣ ቁጥሩም ይወርዳል። ይህ መሣሪያ ስለ ጎተራው የሚለው ምንም ነገር የለም።

5. ውጤቱን ማንበብ

ወረቀቱን ሲቀበሉ ዓይንዎ ወደ ሄሞግሎቢን እንዳይሮጥ። ከፌሪቲን ይጀምሩ።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ጤነኛ አዋቂ ላይ ፌሪቲን ከ15 በታች ከሆነ የብረት እጥረት ነው፤ ከ5 ዓመት በታች ላሉ ሕፃናት ከ12 በታች። ብዙ ሐኪሞች ግን 15ን አይጠብቁም፤ ምልክት ያለው ሰው ላይ ከ30 በታች የሆነውን እንደ እጥረት ይቆጥራሉ። የአሜሪካ የጨጓራና አንጀት ሐኪሞች ማኅበር በዚያው ዓመት ደም ማነስ ላለባቸው ሰዎች 45ን መለያ አድርጎ መክሯል። መለኪያው ናኖግራም በሚሊ ሊትር ወይም ማይክሮግራም በሊትር ተብሎ ይጻፋል፤ ቁጥሩ ያው ነው።

እዚህ ላይ ይጠንቀቁ፦ አንዳንድ ላብራቶሪዎች ወረቀት ላይ የሚያትሙት «ኖርማል» ክልል ከ10 ወይም ከ12 ይጀምራል። ፌሪቲንዎ 13 ሆኖ፣ ከክልሉ የወጣ ቁጥር ላይ የሚደረገው ኮከብ ሳይደረግበት ሊያልፍ ይችላል። ኮከብ ስለሌለው ደህና ነው ማለት አይደለም። ቁጥሩን ራሱን ያንብቡ።

ቀጥሎ ሲአርፒን ያስተያዩ። ከፍ ካለ የፌሪቲን ትርጉም ይለወጣል። ብግነት ወይም ኢንፌክሽን ያለበት አዋቂ ላይ የዓለም ጤና ድርጅት መለያውን ወደ 70፣ ሕፃናት ላይ ወደ 30 ከፍ ያደርገዋል። ለምሳሌ የሳንባ ነቀርሳ ሕክምና ላይ ያለ ሰው ፌሪቲኑ 55 ቢሆን ጎተራው ሙሉ አይደለም። በእንዲህ ያለ ጊዜ የትራንስፌሪን ሙሌት ይረዳል። አይረኑን ለቲአይቢሲ አካፍለው በ100 ያባዙ፦ አይረን 35፣ ቲአይቢሲ 430 ከሆነ 8 በመቶ ይመጣል። ከ20 በመቶ በታች ያጠራጥራል፣ ከ16 በታች ደግሞ አህያው ባዶውን እየሄደ ነው።

አሁን ሄሞግሎቢን። በባሕር ጠለል ከፍታ መለያው ላላረገዘች ሴት 12፣ ለወንድ 13፣ ለነፍሰ ጡር 11 ግራም በዴሲ ሊትር ነው፤ በእርግዝናው መካከለኛ ሦስት ወር 10.5። አዲስ አበባ ግን ባሕር ጠለል ላይ አይደለችም፤ 2,300 ሜትር አልፋለች። ከፍ ያለ ቦታ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ሰውነት ተጨማሪ ሄሞግሎቢን ይሠራል፣ ስለዚህ መለያውም ከፍ ይላል። የዓለም ጤና ድርጅት የ2024 እ.ኤ.አ. መመሪያ ከ2,000 እስከ 2,499 ሜትር ለሚኖር ሰው 1.4 ግራም ይጨምራል። በዚህ ስሌት አዲስ አበባ ላለች ሴት መለያው 13.4 ነው። የእህቴ 12.9 ከመጀመሪያውም ዝቅተኛ ነበር፤ ያስተካከለው ሰው ግን አልነበረም፣ እኔን ጨምሮ።

ነገሩ ግን እዚህ አያበቃም። በ2002 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት በሰሜን ተራሮች 3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያንን መርምሮ ሄሞግሎቢናቸው ቆላ ላይ ከሚኖር ሰው እምብዛም እንደማይለይ አሳይቷል። የአንዲስ ተራራ ሰዎች በዚያ ከፍታ ደማቸው ይወፍራል፤ የእኛ ደገኞች ሌላ መንገድ አግኝተዋል። ስለዚህ ለደገኛ ኢትዮጵያዊ ስንት ይጨመር የሚለው አሁንም ያከራክራል። እኔ የምይዘው ትምህርት ይህ ነው፦ ደጋ ላይ 12 እና 13 መካከል ያለ ሄሞግሎቢን ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፣ ፌሪቲን ይታይ።

ውጭ አገር ላሉ አንባቢዎች፦ ብዙ የአውሮፓ ወረቀት 12 ፈንታ 120 ይላል፣ በሊትር ስለሚሰላ። ኔዘርላንድስ ውስጥ በሚሊሞል ይለካል፤ የእነሱ 7.5 የእኛ 12 ነው። 7.5 ብሎ ለቤተሰብ ደውሎ ያስደነገጠ ሰው አውቃለሁ።

ከሲቢሲው ሌሎች መስመሮች ሁለቱን ይፈልጉ። ኤምሲቪ የቀይ ሴሉን መጠን ይናገራል፤ ከ80 በታች ሲሆን ሴሎቹ ከልካቸው ትንንሽ ሆነዋል፣ ብረት ሲጠፋ የሚሆነውም ይህ ነው። አርዲደብልዩ ሴሎቹ ምን ያህል እኩል እንዳልሆኑ ይናገራል፤ ከ14.5 በላይ ሲሆን አንዳንዱ ትንሽ አንዳንዱ ትልቅ ነው ማለት ነው። ፎሌት ወይም ቢ12 የሚባሉት ቫይታሚኖች ከብረት ጋር አብረው ከጎደሉ የብረቱ እጥረት ሴሉን ያሳንሳል፣ የቫይታሚኑ ያተልቃል፤ ኤምሲቪ መሐል ላይ ይቆምና ደህና ይመስላል። ረጅም ጾም የሚጾም ሰው ላይ ይህን ማሰብ ተገቢ ነው። ኤምሲቪ ዝቅ ብሎ ፌሪቲን ግን በቂ ከሆነ ሌላ ምክንያት አለ፣ ብረት አይውሰዱ፤ ሐኪሙ ታላሴሚያን (በዘር የሚተላለፍ የሄሞግሎቢን ችግር) እና መሰል ችግሮችን ያጣራል።

6. ጎተራውን የቀደደውን ይፈልጉ

እጥረት መኖሩ ከታወቀ በኋላ ክኒን ተሰጥቶ ብቻ መሸኘት ትልቁ ጥፋት ነው። የተቀደደ ጎተራ ላይ እህል ቢጨምሩ ይፈስሳል።

ወንድ ከሆኑ፣ ወይም የወር አበባ ያቆመች ሴት ከሆኑ፣ ደሙ በአንጀት እየፈሰሰ እንደሆነ እስኪጣራ ድረስ ምክንያቱ ምግብ ነው ብለው አይደምድሙ። ጨጓራና አንጀት በኢንዶስኮፒና በኮሎኖስኮፒ፣ ማለትም ካሜራ ባለው ቀጭን ቱቦ፣ መታየት አለባቸው፤ ቁስልም ካንሰርም በዚህ መንገድ ይገኛል። በሌሎቹ ላይ የሰገራ ምርመራ ይጠየቃል፦ ሁክዎርም የሚባለው የአንጀት ትል ከአንጀት ግድግዳ ደም ይመጥጣል፣ በባዶ እግር ከሚረገጥ አፈር ነው የሚገባው። የጨጓራ ባክቴሪያ ምርመራም እንዲሁ። የወር አበባ የሚበዛባት ሴት የማህፀን ሐኪም ትይ፤ ማዮማ (ካንሰር ያልሆነ የማህፀን እጢ) ሊሆን ይችላል።

ምግብን በተመለከተ ብዙ የሚነገር ነገር አለ። ቀይ ሥር ቀይ ስለሆነ ደም ይሆናል ይባላል፤ ውስጡ ያለው ብረት ግን በጣም ትንሽ ነው። ጤፍ ብረት አለው፤ ሆኖም አውድማ ላይ ሲወቃ ከአፈር የሚገባው ብረት ላብራቶሪ ላይ ይቆጠራል እንጂ ሰውነት በደንብ አይወስደውም። ጉበትና ቀይ ሥጋ ይሻላሉ፤ በጾም ወቅት ምስርና ሽምብራ ከሎሚ ወይም ከቲማቲም ጋር። ቡናና ሻይ ከምግብ ጋር ወዲያው ሲጠጡ ብረቱን ያስቀራሉ። አቦል፣ ቶና፣ በረካውን አይተዉ፤ ከምሳ በኋላ አንድ ሁለት ሰዓት ይቆይ።

7. ሕክምና ጀምረው እንደገና መለካት

ክኒኑን በሐኪም ትእዛዝ ይጀምሩ። በየቀኑ ሁለት ሦስት ጊዜ ይወሰድ የነበረው አሁን በቀን አንዴ፣ ለአንዳንዱ ደግሞ አንድ ቀን እየዘለሉ ሆኗል፤ አንድ መጠን ሲዋጥ ሰውነት ሄፕሲዲን የሚባል ሆርሞን አውጥቶ ቀጣዩን ለአንድ ቀን ያህል ስለሚገታው ነው። ከቡና፣ ከሻይ፣ ከወተትና ከካልሲየም ያርቁት። ሰገራዎ ይጠቁራል፣ አይደንግጡ። ሬንጅ የሚመስል፣ የሚጣበቅና የሚከረፋ ከሆነ ግን ደም ነው፣ ወዲያው ይሂዱ። ደረት ላይ ሕመም፣ ቁጭ ብለው ትንፋሽ ማጠር፣ ራስን መሳት፣ ወይም ሄሞግሎቢን ከ7 በታች መሆን ቀጠሮ አይጠብቅም። ክኒኑን ሕፃን ከማይደርስበት ቦታ ይቆልፉ፤ ጥቂት ፍሬ ሕፃንን ሊገድል ይችላል።

ከ2 እስከ 4 ሳምንት ባለው ጊዜ ሲቢሲ ይደገም። ደም ማነስ ከነበረ ሄሞግሎቢን በዚህ ጊዜ 1 ግራም ያህል መውጣት አለበት። ካልወጣ ወይ ክኒኑ አልተዋጠም፣ ወይ አልገባም፣ ወይ ደሙ እየፈሰሰ ነው። ሄሞግሎቢን ሲስተካከል ሰው ክኒኑን ይጥላል፤ ያን ጊዜ የሞላው ሌማቱ ነው፣ ጎተራው ገና ነው። ሐኪምዎ በተለየ ካላዘዘ በስተቀር ተጨማሪ 3 ወር ይቀጥሉ፣ ከዚያ ፌሪቲን ይሠራ። ካቆሙ በኋላም ከጥቂት ወራት በኋላ አንዴ ይለኩ፤ ምክንያቱ ካልተነቀለ የሚወርደው ያኔ ነው። ወረቀቶቹን ሁሉ በአንድ ፖስታ ያኑሩ፣ በተቻለ መጠን በአንድ ላብራቶሪ ያሠሩ፤ የተለያየ ማሽን የተለያየ ቁጥር ይሰጣል።

የእህቴ ፖስታ ማቀዝቀዣው ላይ ነው የሚቀመጠው። ማዮማዋ ታከመ። ፌሪቲኗ 7፣ ከዚያ 24፣ በስድስተኛው ወር 52 ይላል። ባለፈው ክረምት በረንዳዋ ላይ ቆመን ዝናቡ ሲጥል «ሽታው እንዴት ነው?» አልኳት። «አፈር አፈር ይላል» አለችኝ።